መጨረሻ የሚበራው፣ መጀመሪያ የሚጠፋው

ቀየት ላይ ለሰርግ የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ። ረዳቶቼን አጥብቄ የማስተምረው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ማጫወቻውና ሚክሰሩ ቀድመው ይበሩ፣ አምፕሊፋየሩ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ መጨረሻ ይከተል። ሲጠፋ ግን አምፕሊፋየሩ ይቀድማል። ይህ ከተዛባ ሚክሰሩ ሲበራ የሚለቀውን ድንገተኛ ምት አምፕሊፋየሩ አጉልቶ ይልከዋል፤ ያ “ዷ!” የሚል ድምፅ የእስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ሊያበላሽ ይችላል።

መብራት ሲሄድስ? ሰርገኛው ቢቸኩልም ሁሉንም አጥፉ እላለሁ። ሲመለስ ቮልቴጁ ከ220 በላይ ሊዘል ስለሚችል ረጋ እስኪል መታገሥ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል አምፕሊፋየሩ ለብቻው ለሆነ ዕቃ ነው፤ በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች ሸክላ ያጫውት የነበረው ጁክቦክስ ግን አምፕሊፋየሩ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ባለቫልቭ ዕቃ ያላችሁ፣ እባካችሁ ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።