አንድ ስም፣ ሁለት እጅ

እንደሚታወቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የክፍያ ሰነድ የሚያዘጋጀው፣ የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው የተለያየ እንዲሆን ይፈለጋል። የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በደብረ ወርቅም ሆነ በአዲስ አበባ መርሁ አንድ ነው። ሒሳቡ ከባሕር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ይህ ልዩነት በምን ይጠበቃል?

«የተጠቃሚ ሚና» በሚባለው ነው። አሜሪካውያኑ ፌራዮሎና ኩን እ.ኤ.አ. በ1992 መልክ ባስያዙት በዚህ ሐሳብ መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደቡ ነው። 40 ሠራተኞችና 25 ዓይነት ፈቃዶች አሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ለመወሰን 40 × 25 = 1000 ውሳኔ ያሻል። 4 ሚናዎች ብናበጅ ግን ለሚናዎቹ 4 × 25 = 100፣ ሰዎቹን ለመመደብ 40፤ በድምሩ 140 ብቻ! ሠራተኛ ሲዛወርም የሚለወጠው አንድ መስመር ነው።

አስቸጋሪው የተጠቃሚ ቁጥር ገደብ ነው፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚተምኑት በእርሱ ነውና። ለ5 ሰው በተገዛው ፕሮግራም 6ኛው በባልደረባው የይለፍ ቃል ይገባል። (ቁጠባ ይመስላል፤ እኛም አድርገነዋል።) ያን ጊዜ አዘጋጁና አጽዳቂው በአንድ ስም ይመዘገባሉ፤ ገንዘብ ቢጎድል ኦዲተሩ ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ከዚህ ይልቅ የለቀቁ ሠራተኞችን መለያ መዝጋት ብዙውን ጊዜ ለ6ኛው ሰው ቦታ ያስገኛል።