ትኩስ ብየዳ ላይ ውኃ አትድፉ!

ዛሬ ከሚሴ አስፋልት ዳር ያየሁት አናዶኝ ነው የምጽፈው። በያጁ የተሰነጠቀ የሲኖትራክ ሻንሲ በይዶ እንደጨረሰ ረዳቱ በጆግ ውኃ ቸለሰበት። ሾፌሩ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ሊወጣ ቸኩሏል አሉኝ። ወላሂ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አንድ ጽሑፍ ሲዞር አገኘሁ። «ጋዝ ያለበት ቱቦ ከተበየደ ይፈነዳል፤ ካልፈነዳም በእሳት አሙቆ ቀስ ብሎ ማብረድ ነው» ይላል። ኦጋዴን ስላለው የካሉብ ጋዝ መስክ «ካሉብ ሥራ አለ ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ልጆች ይህን አምነው እንዳይሄዱ፦

1. ጋዝ ያለ አየር አይነድም። አየር ያልገባበት፣ ጋዝ የሞላው ቱቦ ከውጭ ሲበየድ ውስጡ እሳት አይነሳም። የሚያስፈራው ግድግዳው ቀልጦ መበሳቱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ውፍረቱ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ከ6.4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጥንቃቄው ሌላ ነው።

2. የሚፈሰው ጋዝ ሙቀቱን ከውስጥ ይነጥቃል። የጆጉን ውኃ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክርና ተሰባሪ ይሆናል። ከኤሌክትሮዱ የገባ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከሰዓታት ምናልባትም ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣል። «ሲያልቅ አየሁት፣ ደህና ነው» ማለት ምርመራ አይደለም።

3. ኤሌክትሮድ። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ሃይድሮጅኑ ትንሽ የሚሆነው ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። ሽፋኑ እንደ ጨው እርጥበት ይስባል። በክረምት፣ ጨፋ ረግረግ አጠገብ፣ ፓኬቱ ተቀዶ መደርደሪያ ላይ ወር የከረመውን «7018 ነው» ብለው ይሸጡልሃል። «ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ» የሚለኝ አለ። እርጥበት የሳበ 7018 እኮ በማድረቂያ ምድጃ ከ300 ዲግሪ በላይ ነው የሚደርቀው! የከሚሴ ፀሐይ ብትበረታም እዚያ አትደርስም።

የሙያ ማሰልጠኛ ተቋማቱስ? ሰልጣኙ በ6013 ኤሌክትሮድ ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ መስመር አስምሮ ምዘናውን ያልፋል፤ ምድጃውን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ግዥው በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሰጣል፤ ዕቃው ሲገባ ፓኬቱን ከፍቶ የሚያይ የለም። ወረቀቱ ግን ማህተም አለው። ከዚያ «ባለሙያ ጠፋ» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል፣ አበል ይከፈላል።

ቴሌግራሙ ወዳለው አሙቆ ማብረድ፣ ወደ ሂት ትሪትመንቱ ልመለስ። ከብየዳ በኋላ 600 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ ማለዘብ ፋብሪካ ውስጥ ያለ፣ ትክክለኛ ሥራ ነው። ግፊት ባለበት ቱቦ ላይ ግን በዚያ ሙቀት ብረቱ አቅሙን ያጣል፤ የሚፈሰው ጋዝም ሙቀቱን እየወሰደ እኩል እንዲሞቅ አይፈቅድም። ስለዚህ በአብዛኛው አይደረግም። በምትኩ የሙቀቱ መጠን ተሰልቶ፣ ተከታዩ መስመር የፊተኛውን እንዲያለዝብ ሆኖ ይበየዳል። ይህ አሠራር አስቀድሞ በሙከራ ቱቦ ላይ ይረጋገጣል።

ከኦጋዴን ወደ ጅቡቲ ይዘረጋል የተባለው የጋዝ ቱቦ በ2011 ዓ.ም. ሲፈረም 767 ኪሎ ሜትር ነበር የተነገረው። ቢዘረጋም ባይዘረጋም፣ ልጆች፣ ላሜራውን ትታችሁ በደረቅ 7018 ቱቦ ላይ ተለማመዱ። ያቺን ሻንሲ የምትነዳው ወንድሜም ጭነት ሳትጭን በፊት አስፈትሻት።