ጋራዥ ውስጥ የተወለደው የአምስቱ ዝነኞች ባንድ

ክርክሩ የተነሳው መኪና ውስጥ ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስንጓዝ መንገዱ ተዘጋጋና ቆምን። የወዳጄ ልጅ ዘፈን የጫነችበት ፍላሽ አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ማጫወት ጀመረ። «ይኼ ጆርጅ ሃሪሰን ነው» አልኩ። ወዳጄ ሳቀብኝ። ትንሽ ቆይቶ አዝማቹ አካባቢ ሲደርስ «በል ስማ፣ ይኼ ሮይ ኦርቢሰን ነው» አለኝ። ለመልስ አፌን ስከፍት ደግሞ ያ በአፍንጫው የሚዘፍነው ቦብ ዲላን ገባ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ዘፈኑ «ሃንድል ዊዝ ኬር» ይባላል። ባንዱ «ትራቭሊንግ ዊልበሪስ» ነው። አባላቱ ከቢትልሶቹ ጆርጅ ሃሪሰን፣ ቦብ ዲላን፣ ሮይ ኦርቢሰን፣ ቶም ፔቲና የኤሌክትሪክ ላይት ኦርኬስትራው ጄፍ ሊን ናቸው። አምስቱም የየራሳቸው ስምና የየራሳቸው ውል ነበራቸው፤ ይኼኛው ከዋናው ሥራቸው ጎን ለጎን ለጨዋታ ያህል የሠሩት ነው። እንዴት ተገናኙ የሚለውን ስከታተል ግን ክሩ ወደኛው አገር መራኝ። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ77ቱን ድርቅ የማያስታውስ ቢኖር ሰምቶታል። ለዚያ ድርቅ ገንዘብ ለማሰባሰብ «ላይቭ ኤድ» የተባለው ኮንሰርት በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። ፔቲ ከባንዱ ከሃርትብሬከርስ ጋር ፊላደልፊያ ላይ ተጫውቷል። ዲላን ወደ መጨረሻው መድረክ ላይ ወጣና ያልተጠበቀ ነገር ተናገረ፤ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ፣ ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮኑ፣ የባንክ ዕዳ ላጎበጣቸው የአሜሪካ ገበሬዎች ቢውል አለ። የኮንሰርቱ አዘጋጅ ቦብ ጌልዶፍ ክፉኛ ቅር ተሰኘ። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈልቷል። ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ስለ ባንክ ዕዳ ይወራል?

ያ ንግግር ግን ፍሬ አፈራ። ዊሊ ኔልሰን፣ ኒል ያንግና ጆን ሜለንካምፕ ሐሳቡን አንስተው በዚያው ዓመት መስከረም ወር ኢሊኖይ ውስጥ «ፋርም ኤድ»ን አዘጋጁ። ዲላን እዚያ ሲጫወት አጃቢው የፔቲ ባንድ ነበር። ተስማሙና በ1986 እና በ1987 አብረው ዓለምን ዞሩ። በጥቅምት 1987 ለንደን ሲደርሱ ሃሪሰንና ሊን ሊያዩዋቸው መጡ፤ ፔቲ ከሁለቱ ጋር የተወዳጀውም ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፔቲ መኪናውን እየነዳ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ጎኑ የቆመው ሊን ሆኖ አገኘው። አብረን እንሥራ ተባባሉ። ትራፊክ መብራት ለበጎ ሲውል የሰማሁት ይኼን ብቻ ነው።

ሃሪሰንና ዲላን ግን የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። በ1971 ሃሪሰን ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኒው ዮርክ ላይ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ፣ በዚያን ጊዜ መድረክ የሸሸውን ዲላንን አግባብቶ አምጥቶታል። ለላይቭ ኤድ መንገድ የጠረገው ያ ኮንሰርት ነው።

አሁን ወደ 1988 እንምጣ። ሃሪሰን ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ በሊን ፕሮዲዩሰርነት «ክላውድ ናይን» የተባለ አልበም አውጥቶ ተሳክቶለታል። አሳታሚው ኩባንያ ከአልበሙ አንዱን ዘፈን ለአውሮፓ ገበያ በነጠላ ሊያወጣ ስለፈለገ፣ በሸክላው ጀርባ የሚገባ ተጨማሪ ዘፈን ጠየቀው። እንዲህ ያለውን ዘፈን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ጊዜው ሚያዝያ፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ ነው። ሃሪሰን ከሊንና ከኦርቢሰን ጋር እራት እየበላ ጉዳዩን አነሳ። ሊን በዚያን ሰሞን የኦርቢሰንን አልበም ይሠራ ነበር፤ ኦርቢሰንም «እኔም ልምጣ» አለ። ስቱዲዮ በአንድ ቀን ከየት ይገኛል? ዲላን ማሊቡ በሚገኘው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ስለነበረው ደወሉለት፤ እሺ አለ። የሃሪሰን ጊታር ደግሞ ፔቲ ቤት ነበር። ሊያመጣ ሄደና ፔቲንም ይዞት ተመለሰ።

እንግዲህ አምስቱ የተሰባሰቡት በዚህ ዓይነት ነው። አንዱ እራት ላይ ስለተገኘ፣ ሌላው ጋራዥ ስላለው፣ ሌላው ጊታር በአደራ ስላስቀመጠ! ግጥሙን እዚያው ተቀምጠው እየተቀባበሉ ጻፉት። ርዕስ ሲጠፋ ሃሪሰን ጋራዡ ውስጥ የነበረ ካርቶን ላይ «በጥንቃቄ ያዙ» የሚል ጽሑፍ አየ። ዘፈኑ በዚያ ተሰየመ። ኩባንያው ሲሰማው ይኼማ ለጀርባ አይሆንም አለ። ሃሪሰንም እንዲህ ዓይነት ዘጠኝ ቢጨመርበት አልበም ይወጣዋል ብሎ አሰበ።

ችግሩ ጊዜ ነበር። ዲላን ሰኔ መጀመሪያ ላይ የሙዚቃ ጉዞ ስለሚጀምር የነበራቸው አሥር ቀን ገደማ ብቻ ነው። በግንቦት ወር የዩሪዝሚክሱ ዴቭ ስቱዋርት ሎስ አንጀለስ ያለውን ቤቱን ለቀቀላቸው። አምስቱም ጊታራቸውን ይዘው ወጥ ቤት ውስጥ ክብ ሠርተው ይቀዱ ነበር። ድራም መቺው ጂም ኬልትነር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ መደርደሪያውን በዱላ እየመታ የቀዳው ድምፅ «ራትልድ» የተባለው ዘፈን ውስጥ ገብቷል። መሪውን ድምፅ ማን ይዝፈን የሚለውን እየተቀባበሉ በመሞከር ይወስኑ ነበር። የመጨረሻው ቅንብር እንግሊዝ አገር ሃሪሰን ቤት ተጠናቀቀ።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የስም ጉዳይ ነው። የእኛን ከተማ የኮንሰርት ፖስተር ያየ ሰው የማን ፎቶ ይበልጣል፣ የማን ስም ይቀድማል የሚለው ምን ያህል እንደሚያጣላ ያውቃል። እነሱ መፍትሔ ያደረጉት ስማቸውን ጨርሶ መተው ነው። አልበሙ ላይ ዲላን የሚባል የለም። ከአንድ አባት የተወለዱ የዊልበሪ ልጆች ሆነው ሃሪሰን ኔልሰን፣ ሊን ኦቲስ፣ ኦርቢሰን ሌፍቲ፣ ዲላን ላኪ፣ ፔቲ ደግሞ ቻርሊ ቲ ጁኒየር ተባሉ። «ዊልበሪ» ራሱ የሃሪሰንና የሊን የስቱዲዮ ቀልድ ነው፤ መሣሪያ ተበላሽቶ ስህተት ሲቀዳ «ግድ የለም፣ በቅንብር እንቀብረዋለን» ይባባላሉ። «እንቀብረዋለን» የሚለውን በእንግሊዝኛ አፍጥናችሁ ብትሉት ዊልበሪ ይሆናል።

አልበሙ በጥቅምት 1988 ወጣና አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። በ1990 የግራሚ ሽልማት አገኘ። ኦርቢሰን ግን ሽልማቱን አላየም። በ60ዎቹ መጨረሻ ሚስቱን በሞተር ብስክሌት አደጋ፣ ሁለት ልጆቹን በቤት ቃጠሎ ያጣ፣ ከዚያም ለዓመታት የተረሳ ሰው ነው። ስሙ እንደገና መነሳት በጀመረበት ወቅት፣ አልበሙ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ ታኅሣሥ 6 ቀን 1988 በ52 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። የቀሩት አራቱ «ኤንድ ኦቭ ዘ ላይን» ለተባለው ዘፈን ክሊፕ ሲቀርጹ ተተኪ ድምፃዊ አላመጡም። የእሱ ድምፅ ሲደርስ ካሜራው ጊታር የተቀመጠበት ባዶ ተወዛዋዥ ወንበር ያሳያል፤ ቀጥሎ ፎቶግራፉን። ክሊፑን ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ እዚያ ቦታ ላይ አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

በ1990 አራቱ ሌላ አልበም አወጡ፤ መታሰቢያነቱንም ለሌፍቲ አደረጉ። መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ኦርቢሰን ከፍ የሚያደርገው ቦታ ላይ ሁሉ ጉድለቱ ይሰማል፤ ጨዋታውም ትንሽ ሥራ ሥራ ይላል። መድረክ ላይ ወጥተው ግን አንድም ኮንሰርት አላቀረቡም። ሃሪሰን በ2001 በካንሰር ሞተ። ለዓመታት ከገበያ ጠፍተው የነበሩት ሁለቱ አልበሞች በ2007 በአንድ ላይ ታትመው ሲወጡ እንግሊዝ አገር አንደኛ ሆኑ። ፔቲም በ2017 አረፈ።

ይኼን ሁሉ ለወዳጄ ስተርክለት መንገዱ ተከፈተ። ዘፈኑም አልቆ ሌላ ጀመረ። «እሺ፣ አንደኛው ይኼ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ቮልዩም ሦስት ይላል። ሁለተኛው የታል?» አለኝ። ሁለተኛ የለም፤ ሁለተኛውን አልበም ሆን ብለው ሦስተኛ ብለው ሰይመውት ነው አልኩት። አላመነኝም። ልጄ ሳትጭነው ቀርታ ነው ብሎ ስልኩን አንስቶ ደወለላት።