ስለ እርጉዝ እናት ምግብ

ልጆች ሆይ፥ በአርባ ምንጭና በጋሞ፥ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ አገር፥ «እርጉዝ ሴት እንቁላልና ሙዝ ብትበላ ሕፃኑ ይገዝፋል፥ ምጡም ይጸናባታል፤ ወተት ብትጠጣ በሕፃኑ ራስ ላይ ይጣበቃል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም፤ ምጥን ስለሚፈሩ ነው።

ነገር ግን ምግብ በሆድ ይፈጫል እንጂ ወደ ማሕፀን አይገባም። ሕፃኑ የሚመገበው ከእናቱ ደም ነው። ለደምም ብረት ያስፈልገዋል፤ ይህም በሥጋ፥ በዓሣ፥ በምስርና በጎመን ይገኛል። ብረት ሲጎድል እናቲቱ ትገረጣለች፥ ትደክማለች፤ ስትወልድ ደም ቢፈሳት ሕይወቷ ያሰጋል። እንግዲህ የሚያስፈራው መብላት ሳይሆን መከልከል ነው።

የአባያና የጫሞ ዓሣ፥ አለኮ የሚባለውም የሽፈራው ቅጠል በአገራችን አለ። ብርቱካንና ማንጎ ብረቱ በሰውነት እንዲገባ ይረዳሉ፤ ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጣ ያግደዋል። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት እንድትወስድ ይመክራል፤ እንክብሉም በጤና ጣቢያ ይሰጣል።

አያታችሁ «አትብላ» ብትል አትዝለፏት፤ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ይህን በትሕትና አንብቡላት። እርስዋም የምትሻው የእናታችሁን ደኅንነት ነውና ትሰማችኋለች።