ስለ ደንበኝነትና ስለ ምራቂ፤ የዕለት የቤት ወጪን በሚመለከት

ደንበኛ የሚለው ቃል ደንብ ከሚለው የወጣ ነው። በገበያ ቋንቋ ግን በአንድ ሱቅ ወይም በአንዲት ነጋዴ ዘንድ አዘውትሮ የሚገዛውን ሰው ያመለክታል። ይህ ሰው በደንበኝነቱ ጸንቶ በመኖሩ ምን ያገኛል? ያገኘውስ ነገር በእርግጥ የቤቱን ወጪ ያቃልልለታልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም፣ ደመወዝ ሳይደርስ ሽሮና ዘይት የሚያልቅበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

በአገራችን ለደንበኛ ከሚሰጡት ነገሮች ዋነኛው ምራቂ ነው። ምራቂ ማለት ዕቃው ተመዝኖ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሻጩ በነጻ የሚጨምረው ነው፤ በሽንኩርቱ ላይ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ በቡናው ላይ አንድ እፍኝ ቡና፣ በድንቹ ላይ ጥቂት ቃሪያ። ቃሉ ምርቃት ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህም ገዢዋ የተጨመረላትን እንደ በጎ ፈቃድ ትቀበለዋለች እንጂ እንደ ሒሳብ አትቆጥረውም። እኛ ግን ለጊዜው እንደ ሒሳብ እንቁጠረው።

አንዲት እናት አንድ ኪሎ ቡና ገዝታ 40 ግራም የሚሆን እፍኝ ቢመረቅላት፣ ከመቶ 4 እጅ ተጨመረላት ማለት ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቴስኮ የተባለው ትልቅ የሱቆች ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደንበኞች ካርድ፣ ገዢው እንደ ተለመደው አሠራር ለአንድ ፓውንድ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ 150 ነጥብ ሲሞላለትም የአንድ ፓውንድ ተኩል ኩፖን ይሰጠዋል። ይህም ከመቶ 1 እጅ መሆኑ ነው። እንግዲህ የጉልቷ ነጋዴ እፍኝ ከዚያ ካርድ ትበልጣለች። ነገር ግን ከጎኗ የተቀመጠችው ነጋዴ ያንኑ ቡና ከመቶ 10 እጅ አርክሳ የምትሸጥ ከሆነ፣ በምራቂው ደስ ብሏት የሄደችው እናት ከመቶ 6 እጅ ያህል ከስራለች። ሚዛኑ 50 ግራም የሚያጎድል ከሆነ ደግሞ ምራቂው ራሱ ከገዛ ገንዘቧ የተቆረሰ ነው።

ይህ የመጨረሻው በሐሳብ ብቻ የተናገርነው አይደለም። ከእኛ መካከል በአንዱ ቤት ለሦስት ዓመት ያህል ደንበኛ ከሆኑበት ሱቅ 10 ኪሎ ስንዴ ተገዝቶ፣ ምራቂም ተጨምሮበት፣ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት ተወሰደ። በወፍጮ ቤቱ ሚዛን ሲመዘን ምራቂው ጭምር 9 ኪሎ ከሩብ ሆነ። እናቲቱ ባለሱቁን ሊያፍር እንዳይችል አድርገው መናገር አልፈለጉም፤ ዝም ብለው ሱቅ ለወጡ። እኛ ብንሆን ዝም አንልም ነበር፤ ይሁን እንጂ ስንዴው የእኛ አልነበረም።

ስለዚህ በምራቂ ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከሁለት ሦስት ሻጮች ዋጋ ይጠይቅ። ክርክሩ አልቆ ዋጋው እስኪቆረጥ ድረስም ምራቂ የሚለውን ቃል ባያነሳ ይሻላል፤ ቀደም ብሎ ያነሳ እንደ ሆነ ሻጩ በዋጋው ውስጥ አግብቶ ይጠብቀዋል። ዕቃው ከተመዘነ በኋላ «በል እንግዲህ መርቅልኝ» ማለት ነውር የለውም። ምራቂውም ከተገዛው ከራሱ ከዕቃው ቢሆን ይመረጣል፤ ሳይበላ የሚጠወልግ ቃሪያ ወጪ አይቀንስምና።

ከምራቂ የሚበልጠው የደንበኝነት ዋጋ ግን ዱቤ ነው። ከእኛ የአንዱ አባት ታመው ሁለት ወር ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ዘይቱንም ሽሮውንም ሳሙናውንም «እትዬ፣ ሲመችዎት ይከፍላሉ» እያለ ይሰጥ ነበር። ይህንን በመቶኛ ማስላት አልቻልንም፤ ልንሞክርም አልወደድንም። ዱቤ ሆኖም የራሱ ቀንበር አለው። የዱቤ ደንበኛ ዋጋ ለመከራከር አፉ አይፈታም፣ ወደ ሌላ ሱቅም በግልጽ አይሄድም፤ ደብተሩም የሚቀመጠው በባለሱቁ እጅ ነው። በቤትም አንድ ደብተር ይዞ የተወሰደውን በዚያው ቀን መጻፍ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ሦስተኛው መንገድ ገዢው ራሱ የሱቁ ባለቤት የሚሆንበት ነው። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በ1844 እ.ኤ.አ. ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ ከፈቱ፤ ከትርፉም እያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን ይከፈለው ነበር። በእኛም ከተሞች የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ፤ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ግን ለዘይትና ለስኳር ሰልፍ ብቻ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ግን፣ ለመጠባበቂያ የሚያዘው ከተነሣ በኋላ አባሉ ከትርፉ የሚካፈለው ባለው ዕጣ ብቻ ሳይሆን ከማኅበሩ ጋር ባደረገው ግብይትም ጭምር ነው። የግብይቱ ማስረጃ ደረሰኝ ስለ ሆነ፣ ደረሰኙን መንገድ ላይ የሚጥል አባል ከድርሻው ይጥላል። ይህን ካወቅን ወዲህ ከእኛ መካከል የአንዱ እናት የማኅበሩን ደረሰኞች በባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ማጠራቀም ጀምረዋል፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ቆርቆሮውን ይዘው ለመሄድ ቆርጠዋል።