የዓይን ሕመም የሚመስለው ዕብጠት በአፍንጫ በኩል ይወጣል

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር። ዛሬ የዓይን ሕክምናን ጨምሮ በርካታ አገልግሎቶችን ይሰጣል። ወደ ዓይን ሕክምና ክፍሎች ከሚመጡ ታካሚዎች መካከል ግን ሕመማቸው ከዓይናቸው ያልመነጨ ጥቂቶች አይጠፉም። የእነዚህን ሰዎች እይታ መነጽርም ሆነ ጠብታ አይመልሰውም፤ መንስኤው ከአንጎል ሥር የበቀለ ዕብጠት ነውና።

ቦታው ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ የሚገኝበት ነው። ዕጢው አተር የሚያህል ሲሆን፣ ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ሐኪሞች «የቱርክ ኮርቻ» በሚሉት የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ እድገትን፣ የወር አበባንና የጡት ወተትን የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ያመነጫል። በአማርኛ ጤነኛው አካልም በሽታውም «ዕጢ» መባላቸው ብዙዎችን ስለሚያደናግር፣ እዚህ በሽታው ዕብጠት ተብሏል። ዕብጠቱ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም።

ከኮርቻው በላይ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይሻገራሉ። ዕብጠቱ ወደ ላይ ሲያድግ መሻገሪያውን ይጫናል፤ ያን ጊዜ በግራና በቀኝ ዳር ያለው እይታ ይጠፋል። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ከፊቱ ያለውን ትልም እያየ ከጎኑ የሚመጣውን ከብት ላያይ ይችላል፤ በከተማም መንገድ ሲሻገር መኪናው ድንገት የመጣበት ይመስለዋል። ይህ ለውጥ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ታማሚው ራሱ ሳያስተውለው ይቆያል። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ ደግሞ ዕብጠቱ ቢወጣም እንኳ ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የማታጠባ ሴት ጡት ወተት ማፍሰስና የወር አበባ መቋረጥ አንዱ ነው፤ በአዋቂ ሰው ላይ ጣትና እግር እየወፈረ ቀለበትና ጫማ መጥበቡ ሌላው ነው። የጡት ወተት ሆርሞን የሚያበዛው ዕብጠት በአመዛኙ በኪኒን ይሟሽሻል። የሆርሞን የደም ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው መቅደም ያለበት ለዚህ ነው፤ በመድኃኒት ሊድን የሚችልን ሰው ለቢላ ማቅረብ ተገቢ አይደለም።

ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ በአብዛኛው የራስ ቅል አይከፈትም። ሐኪሙ ታካሚውን አደንዝዞ በአፍንጫ ቀዳዳ ይገባል፤ ስስ የሆነውን የኮርቻውን ወለል ከፍቶ ዕብጠቱን እየፋቀ ያወጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ክፍተቱን ከታካሚው ሆድ ወይም ጭን በተወሰደ ስብ ይደፍናል። ይህን መንገድ በ1907 እ.ኤ.አ የጀመረው ኸርማን ሽሎፈር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ነው። በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ፣ ከኖርዌይ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አፍንጫን በኃይል መናፈጥ አይፈቀድም። ከአፍንጫ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ቢንጠባጠብ፣ ወይም ከልክ ያለፈ ጥማትና ሽንት ቢከሰት ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን የታዘዘለት ሰውም፣ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ ደኅና ነኝ ብሎ ወይም በጾም ምክንያት በድንገት ቢያቋርጠው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።