ምጣድ ይችላል?

በበጋው መጀመሪያ አክስቴን አጅቤ መርካቶ አንድ የሶላር ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ የፓኔሉን ዋት፣ የባትሪውን ዓይነት መዘርዘር ሲጀምር አቋረጠችው። «የኔ ልጅ፣ እሱን ተወውና፣ ምጣድ ይችላል?» ልጁ አንገቱን አከከ። «ማዘር፣ ምጣዱንስ ይተዉት። የሚችል አለ፤ ዋጋውን ሲሰሙ ግን ይደነግጣሉ።» አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ምን ሊሠራልኝ ነው ያመጣኸኝ?»

ሐቀኛ ሻጭ ስለገጠመን ዕድለኞች ነን። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ከገዛ በኋላ ነው፤ ብስጭቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

እስቲ እናስላው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አሁን ደግሞ ምሽቱን እንቁጠር፦ ባለ 9 ዋት አምስት አምፖል፣ 70 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ። ሁሉም ተደምሮ ከ140 ዋት ብዙም አያልፍም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቢበራ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአንድ ቀን ጋገራ የ10 ምሽት ብርሃን ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ምጣድ ብቻም አይደለም። ካውያ፣ ምድጃ፣ ቦይለር፣ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ባትሪ ጨራሽ ነው። ውሃ በፀሐይ ማሞቅ የፈለገ ሰው መግዛት ያለበት ሌላ ዕቃ ነው፦ ጣሪያ ላይ ከበርሜል ጋር የሚቀመጠውን፣ ያለ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ውሃ የሚያሞቀውን። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ዱድ ሸሜሽ» ብለው ያውቁታል፤ እዚያ አገር ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት ያለ እሱ እንዳይሠራ ሕግ ወጥቶለታል።

ፓኔሉ ራሱ የማይጮህ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ነዳጅ የማይጠይቅ ዕቃ ነው። በመስታወቱ ሥር ጠቆር ብሎ የሚታየው በስሱ የተቆረጠ ሲሊኮን ነው። አንዱ ገጹ በጥቂቱ ፎስፈረስ፣ ሌላው ቦሮን ተቀላቅሎበታል። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይፈናቀላሉ፤ የሁለቱ ገጾች ልዩነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳቸዋል፤ ያ ፍሰት ነው ኤሌክትሪክ የምንለው። አንዷ ሴል የምትሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ስለሆነ ብዙዎቹ በተርታ ይያያዛሉ። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ ለሥራ የሚበቃውን የመጀመሪያ የሲሊኮን ሴል ለሕዝብ ሲያሳይ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ዛሬ መርካቶ የሚሸጠው ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል።

ጀርባው ላይ «550 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ግን የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው። የተለካው ጠንካራ ብርሃን እያረፈበት፣ ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። የእኛ ቆርቆሮ በቀትር ስንት እንደሚግል ጣሪያ ላይ የወጣ ያውቀዋል። ሴሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል፤ 60 ዲግሪ ከደረሰ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ፓኔል ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ አይታሰርም፤ ከሥሩ ንፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለታል። ሰው ሁሉ «ሶላር ለቆላ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፓኔል የሚወደው ብርሃን ነው፣ ሙቀት አይደለም፤ ፀሐያማና ቀዝቀዝ ያለ ደጋ ይመቸዋል።

አቅጣጫውስ? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይታሰራል። የሚገርመው ነገር ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነበለች መሆኗ ነው። ፓኔሉ ጀርባውን የሚሰጣት ክረምቱ በሚገባበት ሰሞን ነው፤ ደመናው እንደሁ ያኔ ማንንም አይምርም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለአገር ጎብኚ ያወጡት «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው መፈክር ለሶላር ገዥ አይሠራም። በበጋ አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ጨፍግጎ ከዋለ ግን የዚያን ሩብ ማግኘትም ያጠራጥራል። ስሌት የሚሠራው በኅዳር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ሰማይ ነው።

ጥላም አለ። የጎረቤት ሮቶ፣ ዲሽ ወይም ባሕር ዛፍ ጥቂት ሴሎችን ብቻ ቢጋርድ እንኳ ጉዳቱ ከተጋረደው ቦታ ይበልጣል፤ ሴሎቹ የተያያዙት እንደ ሰንሰለት ነውና። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በስተደቡብ በኩል ነገ ጂ ፕላስ 4 እንደማይበቅል ማን ዋስትና ይሰጣል?

የሶላር ቤት እውነተኛ ወጪ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ፓኔሉ በየዓመቱ ግማሽ በመቶ ገደማ እያነሰ 25 ዓመት ያገለግላል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የሊድ ወይም የጄል ባትሪ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ካገለገለ ደህና ነው፤ እሱም ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ከተጠበቀ። ስለዚህ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል የተባለው በተግባር የሚያበላው 1.2 ነው። ሊቲየሙ መጀመሪያ ላይ ኪስ ይጎዳል፤ ነገር ግን አብዛኛውን አቅሙን ያስጠቅማል፣ ብዙ ሺህ ጊዜም ሞልቶ ይራገፋል። እኔ ብጠየቅ ከፓኔል ቁጥር ላይ ቀንሼ ሊቲየም እገዛለሁ። ጄል የሚገዛ ሰው ደግሞ በእጁ ያንሳው። እውነተኛው ባለ 200 ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በአንድ እጅ ብድግ የሚል ከሆነ የተጻፈበትን ማመን አይገባም። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ መኝታ ቤት አይቀመጥም፤ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፈንጂ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ዘመድ በስልክ የሚሰጠው ምክር ያሳስታል። እሱ ጣሪያው ላይ የሰቀለው የመብራት ክፍያውን ሊቀንስበት ነው፤ በቀን የተረፈውን ወደ መስመር እየላከ ይታሰብለታል፣ ባትሪም ላያስፈልገው ይችላል። የእሱን ዓይነት ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚለውጠውን መሣሪያ፣ በሻንጣ ቢልክልን መጀመሪያ ነገር የተሠራው ለእሱ አገር መስመር እንጂ ለእኛ 220 ቮልት አይደለም። ሁለተኛ፣ ያለ ባትሪ ከመስመር ጋር የሚያያዝ ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ብልሽት አይደለም። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ከየቤቱ የሚወጣ ኤሌክትሪክ እንዳይገድለው ታስቦ ነው። እኛ ደግሞ ሶላር የምንፈልገው መብራት ለሚሄድበት ሰዓት ነው።

አዲስ አበባ ላይ የመብራት ሒሳብ እቀንሳለሁ ብሎ ሶላር የሚያስገባን ሰው እኔ አልደግፈውም፤ ባትሪው ብቻውን ቁጠባውን ይበላዋል። አየሩን ላለመበከል የሚለውም እዚህ ብዙ አያስኬድም፤ ከመስመር የምናገኘው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የከተሜው ሶላር የሚገዛለት ከጨለማ መገላገልን ነው፦ ልጁ ፈተና ሲኖርበት፣ ስብሰባው በዋይፋይ ሲሆን፣ ፍሪጅ ውስጥ የኢንሱሊን መድኃኒት ሲኖር። ከሚጮህና ከሚያጨስ ጄኔሬተር ጋር ካወዳደርነው ደግሞ ሶላሩ ያለ ጥያቄ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወይም ተከራይ የሆነ ሰው ግን ጣሪያው የእሱ ስላልሆነ ከቦታ ቦታ ከሚነሳ ጥቅል ባትሪና ኢንቨርተር ባይሻገር ይሻለዋል፤ እሱን መብራት ሲኖር ከመስመሩ መሙላት ይቻላል።

መስመር ያልደረሰበት ገጠር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ ውድድሩ ከኩራዝ ጋር ነው። እጅግ ትንሽ ፓኔል፣ ሦስት አምፖልና የስልክ መሙያ የላምባውን ወጪ ያስቀራል፤ ስልክ ለማስሞላት ገበያ ድረስ መሄድንም እንዲሁ። በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ባለ ኃይል፣ በተለይም በፀሐይ ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ የተያዘለት 2025 እ.ኤ.አ. ግን ብዙ መንደር በኩራዝ እንዳለ አልፏል። ሶላሩ በደረሰበት ቤት ደግሞ ጓዳው አልተለወጠም። ከአምፖሉ ሥር ሦስቱ ጉልቻ እንደተጎለተ ነው፤ እንጨት የምትለቅመው እናት ዛሬም ትለቅማለች፤ ጭሱም እዚያው ነው።

አክስቴ በመጨረሻ አንድ ፓኔል፣ አንድ ሊቲየም ባትሪና ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ገዛች። ምጣዷ እንደ ድሮው ከቆጣሪው ላይ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም ደወለችልኝ። ከጀርባዋ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሰማኛል።

«እንዴት ነው፣ ሠራ?»

«ሠርቷል። ድራማዬን እያየሁ ነው።» ትንሽ ዝም አለች። «ሊጡ ግን ኩፍ ብሎ መብራት እየጠበቀ ነው።»